ልጁ ስንት ቃል አለው?



ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ልጆቻችን ጥርስና ተቅማጥ ስናወራ እንውላለን። አፍ ያልፈታ ልጅ ሲነሳ ግን መልሳችን አጭር ነው፦ «አባቱም እንዲሁ ነበር»፣ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገር»። ወንዶች ከሴቶች ትንሽ መዘግየታቸው እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም። እንዲህ ስንጽናና ልጅ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዝበት ጊዜ ያልፈናል።

መጀመሪያ ጆሮውን እንይ። ያልሰማ ልጅ ከየት አምጥቶ ይናገራል? ጀርባውን ሰጥቶ ሲጫወት ከኋላው ሆናችሁ ስሙን ቀስ ብላችሁ ጥሩት። በር ሲንጓጓ ዘወር ማለቱ ብቻ አያሳምናችሁ፤ ንዝረቱ ተሰምቶት ወይም ጥላ አይቶ ይሆናል። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ «ጥርስ እያበቀለ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ መግሉ ሲደጋገም የመስማት አቅሙ ይቀንሳል። ቅቤና የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብ ይቅር። እንጥል ማስቆረጥም አንደበት አይፈታም፤ የሚያተርፈው ደም መፍሰስና ቁስል ነው።

ዓመት የሞላው ልጅ ስሙ ሲጠራ ይዞራል፣ «ባባ፣ ዳዳ» እያለ ይንተባተባል፣ የፈለገውን በጣቱ ማሳየት ይጀምራል። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ጥቂት ቃላት ይኖሩታል፤ በሁለት ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል ያገናኛል። ይናገረው የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ካለ ግን ዕድሜው ምንም ይሁን፣ ሳታድሩ ውሰዱት። ቤታችሁ አማርኛና አገውኛ ቢነገርበት አትስጉ፤ ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም።

የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ያን ቀን ባለሙያዋን ስለ ጆሮውና ስለ ንግግሩም ጠይቋት። በተለይ ከዘጌ በጀልባ የምትሻገሩ እህቶች ለሌላ ቀን አትቅጠሩት። ጥርጣሬ ካለ ጤና ጣቢያው ሪፈር ይጻፍላችሁ፤ ፈለገ ህይወትም ጥበበ ግዮንም እዚሁ ባሕር ዳር ናቸው። መስማት የማይችል ሆኖ ከተገኘም የምልክት ቋንቋ ቶሎ ይጀመርለት፤ እሱም ሙሉ ቋንቋ ነው።

የማይናገር ልጅ እርግማን አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ሲኖርበት ቤት አልደበቁትም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሕፃን ያላችሁ ልጃችሁ የሚላቸውን ቃላት በወረቀት ይዛችሁ ኑ። መጻፍ ለማትችሉ ታላቅየው ይጻፍላችሁ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱም ያችኑ ወረቀት አሳዩ።