ወደ ሰሊጥ አገር ከመሄዳችሁ በፊት

(በንባብ ቤት ከተደረገ ንግግር)



እኔ በዕድሜ ልጃችሁ ነኝ። ስለ እርሻ እናንተን ላስተምር አልችልም። ዛሬ የምናገረው ከእናንተው የሰማሁትንና ከመጽሐፍ ያነበብሁትን አንድ ላይ አድርጌ ነው።

ክረምቱ ቀርቧል። መሬት የሌለው ወጣትና ዕዳ ያለበት አባወራ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ሊወርድ ተሰናድቷል። እዚያ ያለው ሥራ በአብዛኛው አንድ ነው፤ እሱም ሰሊጥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት አጨዳ። «ሌላ ሥራ ልፈልግ» ቢሉ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሰጡትን ተቀብሎ ይገባል።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ሰሊጥ አይጠብቅም። ሲደርስ ሽፋኑ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳው በጥቂት ቀን ማለቅ አለበት። እናንተ ሥራውን እንደምትፈልጉ ሁሉ ባለእርሻውም የእናንተን እጅ ይፈልጋል። ማጭድ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ክፍያው በቀን ነው ወይስ በሄክታር? መቼ ይከፈላል? ምግብና ውሃ የሚችለው ማን ነው? የት እንተኛለን? ሰው ቢታመም ወደ ጤና ጣቢያ ማን ያደርሰዋል? ብቻውን የጠየቀ ይባረር ይሆናል። ሃያ ሰው አብሮ ሲጠይቅ ግን ማባረር ይከብዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! የተስማማችሁበትንም በደብተር ጻፉት። የሠራችሁበትን ቀን ቁጠሩ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው።

ሁለተኛው ነገር በሽታ ነው። ወባን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካላዛርን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል ነው። ከወባ ትንኝ ያንሳል፤ ድምፅም የለውም፤ ማታ ማታ ይነድፋል። በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ሥር ይገኛል። ደክሞት እዚያው ሜዳ ላይ የሚተኛውን ሠራተኛ ያገኘዋል።

ካላዛር ቶሎ አይታይም። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ተደብቆ ይቆያል። ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ከቤቱ ከገባ በኋላ ትኩሳት ይጀምረዋል። ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ጉልበቱ ያልቃል። ካልታከመ ይገድላል።

በዚህ በጋ ከመካከላችን አንድ አባት እንዲህ ሆነው ነበር። ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስደው አልተሻላቸውም። እኔም «ወባ ነው፤ ይተውዎታል» ብያቸው ነበር። ተሳስቻለሁ። በመጨረሻ ባለቤታቸው ለጤና ሠራተኛው «መተማ ከርሞ ነው የመጣው» አሉት። ያን ጊዜ ደማቸው ተመረመረ። ወደ ጎንደር ተልከው ታከሙ፤ ዳኑም። ያተረፈቻቸው ያቺ አንዲት ቃል ናት።

ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በደጋው በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞቷል። መጀመሪያ ወባ መስሏቸው ነበር። በሽታውን ይዘው የመጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል።

ስለዚህ እነዚህን አራት ነገሮች ያዙ፦

1. ከግራር ሥርና ከተሰነጠቀ መሬት ላይ አትተኙ።
2. መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ በየማታውም ተጠቀሙበት።
3. ትኩሳት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።
4. «ቆላ ነበርሁ» ብላችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

«አትሂዱ» አልላችሁም። የልጆቻችሁን እንጀራ የምታውቁ እናንተ ናችሁ። ስትሄዱ ተስማምታችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱም የነበራችሁበትን አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።