ማረጋገጫ ኮዱን ላክልኝ ቢሉዎት

ዛሬ የምናወራው ስለ ማረጋገጫ ኮድ ነው። ቴሌግራምን በሌላ ስልክ ለመክፈት ሲሞከር የሚላክልዎት አጭር ቁጥር አለ አይደል? ማረጋገጫ ኮድ ማለት እሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን በጓደኛዎ ስም መልእክት ይመጣል። «በስህተት ወደ አንተ የተላከ ኮድ አለ፤ እስቲ ቶሎ ላክልኝ» ይላል። የጻፈው ግን ጓደኛዎ ላይሆን ይችላል። የእሱም አካውንት ቀድሞ ተጠልፎ ይሆናል።

ማረጋገጫ ኮድ እንደ ቤት ቁልፍ ነው። በር ላይ ቆሞ ለጠየቀ ሁሉ ቁልፍ አይሰጥም። ሌባው አንዴ ከገባ ደግሞ የግል ወሬዎን ያነባል፤ ይባስ ብሎ በእርስዎ ስም ከዘመድ አዝማድ ብር ይበደራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ደውለው የጓደኛዎን ድምፅ ይስሙ። ከዚያ የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ። ያኔ ኮዱ ብቻውን አያስገባም፤ እርስዎ ያወጡት የይለፍ ቃልም ይጠየቃል። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ አካውንትዎ የተከፈተባቸው ስልኮች ዝርዝር አለ። የማያውቁት ካለ፣ ዛሬውኑ ያስወጡት።