የአንድ ቀን ጉዞ፣ የዕድሜ ልክ ስንቅ
(ለለጋሾችና ለቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዚህ ቀን ላደረሰን አላህ (ሱ.ወ.) ምስጋና ይድረሰው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፤

በዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ዱቄት፣ ስለ ደብተር፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሕክምና ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ መብላት አለበትና። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ እንድንናገር ተጠይቀናል፤ ይኸውም ልጆቻችንን ይዘን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስላደረግናቸው ሁለት የአንድ ቀን ጉዞዎች ነው። የምንናገረው ስላየነው ነገር ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው ጉዞ ስለ ፈጸምነው ስሕተትም ጭምር ነው። ስሕተታችንን በአደባባይ የምንናገረው ሌላ ማኅበር ወይም ሌላ ቤተሰብ እንዳይደግመው በማሰብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመድረሳችን ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን ስለ አሚር ኑር እያስተማርን ሳለ የጀጎልን ግንብ ያየ ልጅ እጁን እንዲያወጣ ጠየቅን። ከክፍሉ ተማሪዎች መካከል አብዛኞቹ እጃቸውን አወጡ። እጃቸውን ያላወጡት እነማን እንደ ሆኑ ስንመለከት ግን ከጥቂቶች በስተቀር አባታቸው የሞተባቸው ልጆች ሆነው አገኘናቸው። ሐረር ከድሬዳዋ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ልጅን ወደ ሐረር የሚወስደው ግን አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው። ለዘመድ ሠርግ፣ ለገበያ፣ ለዚያራ ሲሄድ ልጁን አስከትሎ ይሄዳል። አባት ሲሞት ከቤት የሚጎድለው የዕለት እንጀራ ብቻ እንዳልሆነ በዚያች ሰዓት ተገነዘብን፤ እጅ ይዞ መንገድ የሚያሳይም ይጎድላል።

ሐሳቡን ለኮሚቴው ባቀረብን ጊዜ ታላቅ ክርክር ተነሣ። በዕድሜም በዕውቀትም የምናከብራቸው አንድ ሼኽ፣ «ሰዎች ይህን ብር የሰጡት ለየቲሞች ዱቄት ነው። በዱቄት ብር አውቶቡስ መከራየት ከየት የመጣ ፍርድ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ልጆች መደሰት እንዳለባቸው በመግለጽ ልንሟገት ሞከርን። ነገር ግን በኋላ ረጋ ብለን ስናስበው እርሳቸው ልክ ነበሩ። የየቲም ገንዘብ አማና ነው፤ ሰጪው ከነየተበት ጉዳይ ውጭ ሊውል አይገባውም። ስለዚህ ከወርኃዊው ድጋፍ አንዲት ሳንቲም እንዳይነካ ተወሰነ። ለጉዞው ብቻ ተብሎ፣ ዓላማው በግልጽ ተነግሮ፣ ለብቻው መዋጮ ተሰበሰበ። እኒያ ሼኽ እስከ ዛሬ ድረስ ከየጉዞው በኋላ ሒሳቡን ራሳቸው ይመረምራሉ፤ እኛም ስለዚህ እናመሰግናቸዋለን።

የመጀመሪያው ጉዞ በጥር ወር 2015 ዓ.ም ነበር። ከፈጅር ሰላት በኋላ ተነሥተን የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ልጆቹ በመስኮት ወደ ኋላ እየተመለከቱ ከተማቸው ከሥር ስታንስ አዩ። ቆላው ቀርቶ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ሐረማያ ስንደርስ አውቶቡሱን አስቁመን ስለ ሐይቁ ነገርናቸው። ያ ሐይቅ ለመጠጥና ለመስኖ ያለ ልክ ሲቀዳ፣ ከዙሪያው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር ሲሞላበት ኖሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውኃው ተመልሶበታል። አንድ ልጅ፣ «የደረቀ ነገር ይመለሳል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አላህ ከሻና ሰዎችም ከጠበቁት ይመለሳል ብለን መለስንለት።

ሐረር እንደ ደረስን በግንቡ ዙሪያ ጥቂት ተጓዝን። የጀጎልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸውን ልጆቹ በክፍል ተምረውታል፤ ድንጋዩን በእጃቸው ሲዳስሱት ግን ትምህርቱ ሌላ ሆነ። በጥንት ጊዜ በሮቹ አምስት ነበሩ፤ ስድስተኛው ከጊዜ በኋላ የተከፈተ ነው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ፣ ከእነርሱም ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ እንደ ሆኑ፣ ከተማይቱም በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደ ተመዘገበች ነገርናቸው። ልጆቹ መስጊዶቹን እንቆጥራለን ብለው ተነሡ፤ አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ደከሙ። የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ስሙን ባወጣለት በመኪና ግርግር መንገድ አልፈን ወደ ሙዚየሙ አመራን።

የሸሪፍ ሙዚየም የሚገኘው የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚታወቀው፣ በረንዳው በእንጨት ጥልፍ ባጌጠ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሙዚየሙን የመሠረቱት አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ናቸው። በቅድሚያ በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ቅርስ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። በዚያም በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች፣ የሐረር አሚሮች ያሳተሟቸው ሳንቲሞች፣ ጎራዴዎች፣ ጌጣጌጦችና የጥንት አልባሳት ይገኛሉ። ብል የበላቸውና እርጥበት ያበላሻቸው ኪታቦች ተጠግነው እንደ ቀድሞው በቆዳ እንደሚደጎሱ ለልጆቹ ተነገራቸው። ከሁሉ ይልቅ የገረማቸው ይህ ነበር። አሮጌ መጽሐፍ አይጣልም፤ ገጹ ቢቀደድም ትዕግሥት ያለው ሰው መልሶ ይጠርዘዋል።

ከዚህ ላይ ስሕተታችንን እንናገር። ለዚያ ቀን ለልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢጫ ቲሸርት አሠርተን ነበር። በጀርባው ላይ በትልልቅ ፊደላት «የየቲሞች ጉብኝት» የሚል ተጽፎበታል። ዓላማችን ልጆቹ እንዳይጠፉብንና የለጋሾችም ሥራ እንዲታይ ነበር። በመንገድ ስናልፍ ግን ሰዎች ጽሑፉን እያነበቡ ከንፈራቸውን መምጠጥ ጀመሩ። አንዳንዶቹም በቅን ልቡና ሳንቲም እያወጡ በልጆቹ እጅ አስጨበጡ። ለጉብኝት የወጡት ልጆች እነርሱ ራሳቸው የሚጎበኙ ሆኑ። ከዙህር ሰላት በፊት ውዱእ ለማድረግ በቆምንበት ቦታ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቲሸርቷን ገልብጣ ለብሳ ወጣች። ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆኗል። ምንም አልተናገረችም፤ እኛም ምንም ማለት አልቻልንም። ወዲያውኑ ሌሎቹም እንደ እርሷ አደረጉ። ቁርኣን የቲምን እንዳናንገላታ ሲያዝዘን ማንገላታት ማለት መምታት ወይም ገንዘብ መብላት ብቻ እንዳልሆነ እያወቅን፣ በጀርባቸው ላይ ኀዘናቸውን አትመን በአደባባይ አዞርናቸው። አላህ ይማረን።

ከሰላትና ከምሳ በኋላ ለጎብኚዎች ወደ ተዘጋጀ ባህላዊ የሐረሪ ቤት ገባን። ይህን ቤት ያላያችሁ ብትኖሩ እንድታዩት እንመክራለን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ሥራዎች፣ በሳሕኖችና በጎድጓዳ የእንጨት ዕቃዎች አጊጧል። ወለሉና መደቦቹ ቀይ ናቸው። አስጎብኚዎች እንደሚተርኩት ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት ያለቁትን ሰዎች የሚያስታውስ ነው። መቀመጫዎቹ ነደባ ይባላሉ፤ ቁጥራቸው አምስት ሆኖ ከፍታቸው ይለያያል፤ እያንዳንዱም የራሱ ተቀማጭ አለው። አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራና የከበሩ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው።

ቤቱን ያስጎበኙን አንዲት እናት ይህን ሲያስረዱ፣ ዝምተኛ የነበረ አንድ ልጅ ከኋላ ሆኖ፣ «አባት ከሞተስ እዚህ ላይ ማን ይቀመጣል?» ሲል ጠየቀ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ መምህራን ነን፤ ለጥያቄ መልስ መስጠት ሥራችን ነው፤ ነገር ግን መልስ አልነበረንም። እኒያ እናት ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ መደቡ አይፈርስም፤ ልጁ እስኪያድግ ይጠብቀዋል። እስቲ ና፣ ውጣና ተቀመጥበት» አሉት። ልጁም ጫማውን አውልቆ፣ ወጥቶ ተቀመጠ። ቲሸርቱን ገልብጦ እንደ ለበሰ በሁለት እጆቹ ጉልበቶቹን ይዞ እንደ ትልቅ ሰው ዙሪያውን ተመለከተ። ከዚያም ሌሎቹ ተራ በተራ ተቀመጡ። ሴቶቹ ልጆችም እንዲሁ። ከዚያ ቤት ለመውጣት ከታሰበው ሰዓት በላይ ቆየን፤ ልናይ ያቀድናቸውን ሌሎች ቦታዎችም ተውናቸው፤ አልቆጨንምም።

ሁለተኛው ጉዞ በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም ለሹዋሊድ በዓል ነበር። እንደሚታወቀው ከዒድ አል-ፊጥር በኋላ በሸዋል ወር ስድስት ቀን መጾም የተወደደ ሱና ነው። ሐረሮች ያ ጾም ሲፈጸም በዓል ያከብራሉ፤ ይህም ሹዋሊድ ነው። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ እኛ የሄድንበትም ከተመዘገበ በኋላ የተከበረው የመጀመሪያው ሹዋሊድ ነበር። ከበሮው ይመታል፤ ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ይንቋቋሉ፤ ዚክር ይባላል፤ ትልቁም ትንሹም የባህል ልብሱን ለብሶ ይወጣል። ከበዓሉ ሥነ ሥርዓቶች አንዳንዶቹን በሚመለከት የተለያየ አስተያየት ያላቸው ቤተሰቦች ስለ ነበሩ ከመሄዳችን አስቀድመን እያንዳንዷን እናት ጠይቀናል፤ ያልፈቀደች እናት ልጅም ለሌላ ጊዜ የሙዚየም ጉብኝት ተይዞለታል።

በዚህ ጊዜ ቲሸርት አልነበረም። ልጆቹ የዒድ ልብሳቸውን ለበሱ። ከዚህም በላይ ለጋሾች የሆናችሁ ቤተሰቦች ልጆቻችሁን አብራችሁ ላካችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ራሳችሁ መጣችሁ። ሕዝቡ ብዙ በመሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ እንዲያያዙ አደረግን። ማን የቲም እንደ ሆነ፣ ማን አባት እንዳለው የሚያውቅ አላፊ አግዳሚ አልነበረም። አንድ የበዓሉ ታዳሚ ወደ እኛ ጠጋ ብሎ፣ «እነዚህ ሁሉ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው?» ሲል ጠየቀን። «አዎን» አልነው። ውሸት አልተናገርንም፤ በእርግጥም በመድረሳችን ይማራሉና። ቲሸርቷን ገልብጣ የነበረችው ልጅም የአንድ ለጋሽ ቤተሰብ ትንሽ ልጅ እጅ ይዛ፣ ባለፈው ዓመት ያየችውን ሁሉ ታስረዳት ነበር። በዚያ ቀን አስጎብኚያችን እርሷ ነበረች ማለት ይቻላል።

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ከእነዚህ ሁለት ቀናት የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ። ልጆች ይዛችሁ ስትወጡ ብዙ ቦታ ለማየት አትቸኩሉ፤ ሁለት ቦታ በደንብ ማየት ስድስት ቦታ በሩጫ ከማየት ይሻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ስለምታዩት ነገር በቤት ወይም በክፍል ንገሯቸው፤ ዓይን የሚያየው ልብ የሚያውቀውን ነውና። ወደ ሙዚየሙ አስቀድማችሁ ደውላችሁ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቁ፤ የሰላት፣ የምሳና የመጸዳጃ ቦታ ለዩ። ልጆች በኀዘናቸው እንዲታወቁ የሚያደርግ ልብስም፣ ሰሌዳም፣ ፎቶግራፍም አይኑር። ጥያቄ ሲጠይቁ ደግሞ ሰዓታችሁን አትመልከቱ። ገንዘብ የሌለውም ሰው አይዘን፤ ከከተማችን ሳይወጣ የድሬዳዋን አሮጌ የባቡር ጣቢያ ለልጅ ማሳየት፣ ከተማይቱም ከዛሬ መቶ ሃያ ዓመታት በፊት በሐዲዱ ምክንያት እንዴት እንደ ተቆረቆረች መተረክ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይበቃዋል።

እናንተም ለጋሾች በጉዟችሁ ላይ አንድ መቀመጫ ጨምሩ። ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደ ሐረርም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ጎረቤታችሁ ያለውን አባት የሌለው ልጅ እናቱን አስፈቅዳችሁ አብራችሁ ውሰዱት። ለብቻው የተለየ ነገር አታድርጉለት፤ ልጆቻችሁ የበሉትን ይብላ፤ ሲያጠፉ የምትቆጡትን ያህል ተቆጡት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ሆነው እንዳደጉ፣ አያታቸውና አጎታቸውም እንደ ተንከባከቧቸው፣ አጎታቸው አቡ ጣሊብም በንግድ ጉዞው ወደ ሻም ይዟቸው እንደ ሄደ በሲራ የተማርነው ነው። የቲምን በጉዞ ማስከተል እንግዲህ በእኛ ዘመን የተፈጠረ ነገር አይደለም።

በነደባው ላይ የተቀመጠው ልጅ ዘንድሮም በመድረሳችን ይማራል። በቅርቡ ስለ ቤት በጻፈው አጭር ድርሰት፣ ሲያድግ የሚሠራውን ቤት ገልጾ መደብ እንደሚኖረው ጽፏል። በመደቡ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ግን አልጻፈም። እኛም አልጠየቅነውም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን ይቀበለን፤ ጉድለታችንን ይሙላ፤ ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። አሚን።