የታተመ ሁሉ ማስረጃ ይሆናልን? የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ጉዳይ



የመመረቂያ ጽሑፍ ስገመግም ደጋግሜ የማነሣው ጥያቄ አለ፤ «ይህን ምንጭ የጠቀሳችሁት ለየትኛው ጉዳይ ማስረጃ እንዲሆናችሁ ነው?» ብዙውን ጊዜ የማገኘው መልስ «ታትሟል» የሚል ነው። መታተሙ አንድ አሳታሚ ሥራውን እንደ ተቀበለው ይነግረናል እንጂ ለእኛ ጥያቄ መብቃቱን አይነግረንም።

ሁላችሁም የምታውቁትን ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን እንውሰድ። በዚህ የግእዝ ድርሰት ተመሥርቶ «በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የአክሱም ሰው እንዲህ አሰበ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ከጠቀሰው ትርጉም ተነሥተን ወደ ኋላ እንሂድ። ትርጉሙ ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 እንዳሳተመው ባለ የግእዝ ንባብ ላይ ይቆማል። ያ ንባብ ደግሞ ዛሬ በፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዳባዲ ስብስብ ውስጥ ባሉ ሁለት ቅጂዎች ላይ ይቆማል። ሁለቱም ለአንቷን ዳባዲ የደረሱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ ይኖር በነበረው ካፑቺናዊ ሚሲዮናዊ፣ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ እጅ ነው። ስለዚህ አምስት መጻሕፍት ብንጠቅስ አምስት ምስክር አላቆምንም፤ የአንዱን ቃል አምስት ጊዜ ሰማን እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ድርሰቱ የራሱ የዳ ኡርቢኖ ነው ሲል ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟገቱ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቀድሞ ይጠራጠሩ ነበር፤ ኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። የፊተኛውን ጽሑፋቸውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ሊቁን በትክክል ጠቅሶ አቋማቸውን ይስታል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

እዚህ ላይ ሁለት አቋራጮች ያታልላሉ። አንደኛው፣ ኮንቲ ሮሲኒ በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ ደግፏልና ክርክሩ ይጣል የሚለው ነው። የሰውየውን ዝንባሌ ማወቅ ንባባችንን ያነቃል፤ ስለ ቅጂዎቹ ያነሣውን ጥያቄ ግን አይመልስም። ሁለተኛው፣ ቅጂዎቹ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸውና ድርሰቱም የዚያው ዘመን ነው የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ከግእዝ ድርሳኖቻችን ስንቱ ይተርፋል? የተገለበጠበት ዘመንና የተደረሰበት ዘመን ይለያያሉ።

ሐተታው ለምርምር አይበቃም ማለቴ አይደለም። ጥያቄያችሁ የድርሰቱ የክርክር አካሄድ ከሆነ ንባቡ ራሱ ዋና ምንጭ ነው። አውሮፓውያን ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ አስተሳሰብ የነበራቸውን ግምት የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ የኮንቲ ሮሲኒ ጽሑፍ ድንቅ ምንጭ ይሆናል፤ ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ስለ ጸሓፊው ዘመን። የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን የምትጽፉ ከሆነ ግን ሐተታውን ብቻውን አታቁሙት፤ የንጉሡን ዜና መዋዕልና የኢየሱሳውያንን ደብዳቤዎች ከጎኑ አኑሩ።

ቀን ስትገለብጡ ደግሞ አቆጣጠሩን ጻፉ። ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የለቀቁት በእኛ በ1624 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን በ1632 ነው። 1624ን እንደ አውሮፓ ቍጥር ያነበበ ተማሪ ፋሲልን ከስምንት ዓመት በፊት ያነግሣቸዋል።