የኃላፊው ዐይንና የመስክ ረዳቱ መዝገብ



አንድ ኃላፊ በሥሩ የሚሠራውን ሰው ማመኑ ወይም አለማመኑ በሠራተኛው ጠባይ ብቻ የሚወሰን ይመስለዋል። ሠራተኛው ሐቀኛ ከሆነ ይታመናል፤ ካልሆነ አይታመንም ይላል። ይህ አባባል ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ከራሱ ከኃላፊው ዘንድ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ለመመልከት የእርሻ ምርምርን ሥራ ማየት ይበቃል። በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በድንችና በሌሎችም ሰብሎች ላይ ሲሠራ የኖረ ነው። በእንዲህ ያለ ጣቢያ በጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው የተመራማሪው ስም ይሁን እንጂ ቁጥሩን ከመስክ የሚያመጣው ረዳቱ ነው። የምርቱ ሚዛን ቢያጠራጥር፣ አንዱ ዝርያ በሦስት በአራት መደብ ተደጋግሞ ስለሚዘራ መደቦቹ እርስ በርሳቸው ይመሳከራሉ። ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት የሚነበበው የዝናብ መለኪያ ግን አንድ ነው፤ ውኃው ከተደፋ በኋላ ከአንባቢው ቃል በቀር ምስክር አይኖርም።

እንግዲህ ረዳቱ እሑድ ለቅሶ ሄዶ ሳያነብ ቀረ እንበል። ሰኞ የሚያገኘው የሁለት ቀን ዝናብ ተደባልቆ ነው። የእሑድን ቦታ ባዶ ቢተወው ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ፣ ውኃውን በግምት ለሁለት ከፍሎ ይጽፋል። መዝገቡ አንዳች ጉድለት የሌለበት ሆኖ ይቀርባል፤ ኃላፊውም ይደሰታል። ውሎ አድሮ ግምቱ ሲገለጥ «ይህ ሰው አይታመንም» ይባላል። ሐሰቱን የጻፈው ረዳቱ መሆኑ አይካድም፤ ያስተማረው ግን ቅጣቱ ነው።

ቁጥጥሩን ማብዛትስ መድኃኒት ይሆናል? የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሎይድ ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ሙከራ፣ ተቆጣጣሪዎች ከሁለት ሠራተኞች አንደኛውን ደጋግመው፣ ሁለተኛውን ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲያዩ ተደረገ። የሁለቱ የሥራ ውጤት እኩል ነበር። ሆኖም ተቆጣጣሪዎቹ ብዙ የታየውን ሰው አሳንሰው አመኑት፤ ቁጥጥሩ በፈቃዳቸው ሲሆንም ይበልጥ የተከታተሉት እሱኑ ነው። የሠራው ስለታየ ነው ብለው ስለ ገመቱ፣ ትጋቱ ለእሱ አልተቆጠረለትም።

በጣቢያም ከቢሮው ደጃፍ ባለው ማሳ ላይ የሚሠራው ረዳት ዕጣ ይኸው ነው። በፍኖተ ሰላም በኩል ራቅ ብሎ የሚሠራው ባልደረባው ታማኝነቱን ለማስመስከር ጊዜና ቦታ ሲያገኝ፣ የቅርቡ ግን ዐሥር ዓመት ቢያገለግልም ሳይታይ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅለት የለም።

ልምድ ያለው ኃላፊ መዝገብ ሲቀርብለት አስቀድሞ ባዶውን ቦታ ይፈልጋል። «አልተነበበም፤ ለቅሶ» የሚል ቃል ቢያገኝ ከዚያ በላይና በታች ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ልብ ይቀበላቸዋል። ቀጥሎም ለእሑድ ተተኪ አንባቢ ይመድባል።