የቴራኖስ አወዳደቅና ለሰበካ ጉባኤያት የሚሰጠው ትምህርት
(ለሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአጥቢያዎቻችን ለሚከናወኑት የልማት ሥራዎች የውኃ መሳቢያ፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ የክሊኒክ መሣሪያና የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር እናቀርባለን የሚሉ ድርጅቶች በየጊዜው ይመጣሉ። በቅን የሚሠሩ እንዳሉ ሁሉ ያላቸውን አጋንነው የሚያቀርቡም አሉ። ሁለቱን የምንለይበት ሥርዓት ከሌለን የምእመናን ዐሥራትና ስለት ለጥፋት ይጋለጣል። ስለዚህ በአሜሪካ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደናል። ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

በ2003 ኤልዛቤት ሆምስ የተባለች የ19 ዓመት ወጣት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን አቋርጣ በካሊፎርኒያ ቴራኖስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተች። ተስፋው ለሰሚው ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ከክንድ ብዙ ደም መቅዳት ቀርቶ ከጣት ጫፍ በሚወሰዱ ጥቂት ጠብታዎች በመቶዎች የሚቈጠሩ ምርመራዎች በርካሽ ዋጋ ይደረጋሉ ተባለ። በ2013 ዋልግሪንስ በተባሉት የመድኃኒት መደብሮች አገልግሎቱ ለሕዝብ ተከፈተ። በ2014 የኩባንያው ግምት 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። በቦርዱም የቀድሞዎቹ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጆርጅ ሹልዝና ሄንሪ ኪሲንጀር ተቀመጡ። የእነዚህ ሰዎች ሙያ ዲፕሎማሲ እንጂ የላቦራቶሪ ሥራ አልነበረም። ይሁንና ብዙ ገንዘብ ሰጪዎች የስማቸውን ክብር አይተው መሣሪያውን ሳያስመረምሩ አመኑ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ኤዲሰን የተባለው የኩባንያው መሣሪያ ሊሠራ የቻለው ወደ 12 የሚሆኑ የምርመራ ዓይነቶችን ብቻ ነው። የቀሩት ከሌሎች አምራቾች በተገዙ የተለመዱ መሣሪያዎች ይሠሩ ነበር። ከጣት የተወሰደው ደም ለእነዚያ መሣሪያዎች ስለማይበቃ በፈሳሽ እየቀጠነ ይቀርብ ነበር፤ ይህም የውጤቱን ትክክለኛነት ይቀንሳል። ጕድለቱን አይተው የተናገሩት ኤሪካ ቹንግና ታይለር ሹልዝ የተባሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ብዙ ያልቈዩ ወጣት ሠራተኞች ናቸው። ታይለር የጆርጅ ሹልዝ የልጅ ልጅ ነበር፤ አያቱ እንኳ በመጀመሪያ አላመኑትም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ በ2015 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ ነገሩን ገለጠ። በ2016 ኩባንያው የኤዲሰንን የሁለት ዓመት ውጤቶች ሰረዘ፤ በ2018 ፈረሰ። መሥራቿም በ2022 ጥፋተኛ ተብላ 11 ዓመት ከ3 ወር እስራት ተፈረደባት።

በዚህ ፍርድ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጥፋተኛ የተባለችው ገንዘብ ሰጪዎችን በማታለል ነው፤ ታካሚዎችን አታልላለች ከሚሉት ክሶች ነጻ ወጥታለች። በችሎቱ ግን አንዲት እናት ነፍሰ ጡር ሳለች ፅንሷ እየተጨናገፈ መሆኑን የሚያመለክት ውጤት እንደ ተሰጣት፣ በኋላም ልጇን በሰላም እንደ ተገላገለች መስክራለች። የዚያችን እናት የጭንቅ ቀናት የሚመልስ ፍርድ የለም። ዳኛ የሚመጣው ከጥፋት በኋላ ነው፤ ድኻውን አስቀድሞ የሚጠብቀው ከክፍያ በፊት የሚጠይቅ ኮሚቴ ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮችን አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ መሣሪያው በራሳችን አጥቢያ፣ ከሻጩ ጋር የጥቅም ግንኙነት በሌለው ባለሙያ ፊት ተሠርቶ ይታይ።

ሁለተኛ፣ “የአሠራሩ ምስጢር ነው” የሚለውን መልስ አንቀበል፤ ቴራኖስም ጥያቄን ሁሉ በንግድ ምስጢር ስም ይመልስ ነበር።

ሦስተኛ፣ ክፍያው ሥራው በተረጋገጠ መጠን በየደረጃው ይፈጸም።

አራተኛ፣ የክሊኒኩ ነርስ ወይም የሒሳብ ሠራተኛው ጕድለት አየሁ ባለ ጊዜ ቃሉ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ስለ ተናገረም አይነቀፍ።

መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ምእመናን የተሰበሰበውን ርዳታ ብቻውን አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይመጣ ከቲቶ ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ለሐዋርያው ያስፈለገ ሥርዓት ለእኛ ይልቁን ያስፈልገናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።