ተመርቀን የት እንግባ?

(ለጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር)



የጠራችሁኝ ከምረቃ በኋላ ስላሉት የሥራ አማራጮች እንድናገር ነው፡፡ ቋሚ ሥራ የሌለውን ሰው ስለ ሥራ ተናገር ማለት... እንዲያው ነገሩ ያስቃል! እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ለዚህም ለዚያም ጋዜጣ በጽሑፍ ልክ እየተከፈለኝ የምጽፍ ሰው ነኝ፡፡ ሲከፈለኝ ማለቴ ነው፡፡

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሲወጣ ጋዜጣ እንደ አሸን ፈላ፡፡ ብዕር የያዘ ሁሉ ገበያ አገኘ፤ ወህኒም አገኘ፡፡ ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ብዙዎቹ ጠፉ፡፡ ዛሬ በአዟሪው ክንድ ላይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና «ጋዜጣ ቤት እገባለሁ» ብሎ ብቻ መመረቅ አያዋጣም፡፡

የመንግሥት ሚዲያ አለ፡፡ ደመወዙ ወሩን ጠብቆ ይገባል፣ ካሜራውም መኪናውም አለ፡፡ እጅ ለማፍታታት መልካም ነው፤ የማትጠይቁት ጥያቄ ግን ይበዛል፡፡

እውነቱን ልንገራችሁና አብዛኞቻችሁ የምትገቡት ሕዝብ ግንኙነት ነው፡፡ ከሚኒስቴር እስከ ወረዳ፣ ከባንክ እስከ ዩኒቨርሲቲ መግለጫ የሚጽፍ፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ የፌስቡክ ገጽ የሚጠብቅ ሰው ይፈለጋል፡፡ እኔ አንድ ጊዜ በአንድ ሰፈር ስለጠፋ ውኃ ልጽፍ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፡፡ የሕዝብ ግንኙነቱ ሠራተኛ አብሮኝ የተማረ ልጅ ሆኖ አገኘሁት፡፡ ደስ አለኝ፡፡ ምን ዋጋ አለው! ሦስት ሳምንት ሙሉ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለ መለሰኝ፡፡ በመጨረሻ ደጅ አውጥቶ «አንተ ጽፈህ ትሄዳለህ፤ እኔ ግን ነገም እዚሁ ነኝ፡፡ ልጆች አሉኝ» አለኝ፡፡

ተናድጄ ተለየሁት፡፡ ለመሆኑ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ ብሎ የለም እንዴ? ያንን ሥራ የሰጠው ደግሞ ለማን ሆነና! ለዚያው ለሕዝብ ግንኙነቱ ኃላፊ እኮ ነው፡፡

ይሁንና ጉዱን ስሙ፡፡ ከዓመት በኋላ እኔ ራሴ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ አመለከትኩ፡፡ የቤት ኪራይ ተጠራቅሞብኝ ነበር፡፡ «ዲግሪ እንጂ ዲፕሎማ አንቀበልም» ብለው መለሱኝ፡፡ ቢቀበሉኝ ኖሮ እኔስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከማለት እተርፍ ነበር? እንጃ! ያን ልጅ ዛሬ ሳገኘው ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ውኃው አናነሳም፡፡

እርዳታ ድርጅቶች፣ ማስታወቂያ ሥራ፣ ትርጉምም አለ፡፡ እንግሊዝኛውን ያልተዋችሁ እዚያ ትቀደማላችሁ፡፡

ዩቲዩብ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል፡፡ አለቃ የለበትም፣ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን አርሞ «ይህን አታውጣ» የሚል አዘጋጅም የለበትም፡፡ በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በሚዲያ የተፈጸመ ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አደረገው፤ ተመስገን ነው፡፡ ከእሱ በፊት በ2012 የመጣውን አዋጅ ቁጥር 1185 ግን አንብቡት፡፡ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ወይም የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል፡፡ ተከታይ ሲበዛ ደስታ ብቻ አይደለም ማለት ነው፡፡

እንግዲህ ጥያቄ ካላችሁ እጅ አውጡ፡፡ የምትጠይቁኝ ስንት እንደሚከፈለኝ ከሆነ ግን ለብቻችን ውጪ እንነጋገር፤ አዘጋጄም እዚህ ተቀምጧል፡፡